የተነቀለው የመሬት ሽቦ

ያረጀሁት የስልክ መስመር ላይ ነው። ጅማ ተመድቤ ስመጣ የስልክ እንጨት ላይ እንደ ድመት የምወጣ ወጣት ነበርኩ፤ ዛሬ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ቤቴ ደጃፍ ላይ ያሉትን ደረጃዎች ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል። ሥራዬም አብሮኝ አርጅቷል። ሰዉ ስልኩን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ከእንጨት እንጨት የተዘረጋው ሽቦ ከዓመት ዓመት እየሞተ፣ እኔን ብሎ የሚጠራኝ ሰው እየጠፋ ሄደ። አሁን የተሰጠኝ ሥራ የሞቱትን መስመሮች ማውረድ፣ ሽቦውን መጠቅለልና መጋዘን ማስገባት ነው። ራሴ የዘረጋሁትን ራሴ እጠቀልላለሁ። አያሳዝንህም ወይ ይሉኛል። እንጃ። ይደክመኛል።

ድካምን ካነሳሁ፣ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከእንጨት መውጣቱም፣ ከጭቃውም፣ ከዝናቡም የባሰ ያደከመኝ ሰው ስለ ስልክና ኤሌክትሪክ የሚያወራው ወሬ ነው። አንዱን አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ያስረዳሁትም ሰው በዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይጠብቀኛል።

ሰቶ ሰመሮ የሚባለው ሰፈር አንድ ባለሱቅ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የሱቁ ስልክ ይሠራል። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳው።

“መብራት የለም። ፍሪጁ ቆሟል፣ አምፖሉ ጠፍቷል። ይሄ ከየት አምጥቶ ነው የሚሠራው?” አለኝ ስልኩን በጣቱ እያሳየኝ። “መብራት ሲኖር ከኔ ቆጣሪ እየጠባ ያጠራቅማል ማለት ነው።”

ስልኩ ከሱ ቆጣሪ ምንም እንደማይወስድ ነገርኩት። መስመሮቹ ሁሉ በሚገናኙበት በእኛ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ ትልልቅ ባትሪ ተደርድሯል፤ ስልኩ የሚሠራው ከዚያ በሽቦው በሚላክለት ትንሽ ኃይል ነው። ከተማው ቢጨልምም ባትሪዎቹ አሉ። ራሱን ነቀነቀ፤ ገባኝ አለ። ሳምንት ሳይቆይ ብመለስ ማታ ማታ ስልኩን ነቅሎ ሳጥን ውስጥ እንደሚቆልፍበት ጎረቤቱ እየሳቀ ነገረኝ።

ኮሌጅ ለማስተማር ከሰሜን የመጣች አንዲት መምህርት ደግሞ ነበረች። ክረምት ሲገባ ስልኳ ይንኮሻኮሻል። ልጠግን ስሄድ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “የሚያዳምጠኝ ሰው አለ፣ አይደል?” አለችኝ። እንጨቱ ላይ ወጥቼ ሽቦው የተቀጠለበትን ቦታ ስፈታው ውሃ ገብቶበት አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ወርጄ “የሚያዳምጥሽ ውሃ ነው” አልኳት። ሳቀች፤ ግን አላመነችኝም። መስመሩን ልሞክረው ብዬ እናቷ ጋ ሳስደውላት፣ ከአየሩና ከእህል ዋጋ በቀር አንድ ነገር ሳታነሳ ዘጋችው።

የስልክ ሽቦ ጭራሽ ኃይል የለውም የሚሉም ሞልተዋል። ልብስ ያሰጡበታል። እውነትም አብዛኛውን ጊዜ ብትነካው ምንም አይሰማህም። ስልኩ ሲጠራ ግን ደወሉን የሚያስጮኸው ኃይል ከወትሮው በብዙ የበረታ ነው። አንድ ጊዜ አጋሮ መንገድ ላይ እንጨት ላይ ወጥቼ፣ ዝናብ ባራሰው እጄ ወደ አንድ ቤት የሚገባ ሽቦ ይዤ ሳለ ለዚያ ቤት ስልክ ተደወለ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ወገቤ ላይ የታሰረው ቀበቶ ነው ያተረፈኝ።

እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። አንዳንዶቹ ያስቁኛል፣ አንዳንዶቹ ያናድዱኛል፣ ወዲያው እረሳቸዋለሁ። ያልረሳሁት የየቡውን ነው።

የቡ ከጅማ ብዙ የማትርቅ የቡና ከተማ ናት። እዚያ አንድ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ሰዉ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በቁመትም፣ በመከበርም። እሳቸው ቡናቸውን ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሲያሰጡ ጎረቤቱ ያሰጣል፤ እሳቸው ሲሸጡ ጎረቤቱ ይሸጣል። ባለቤታቸው እማማ ደግሞ ቀጠን ያሉ፣ አፋቸው ላይ ሳቅ የማይጠፋ ሴት ናቸው። ስልኩን ያስገቡት ሐጂ ለንግዳቸው ብለው ነው፤ የሚያወሩበት ግን እማማ ነበሩ። አጋሮ የምትኖር ታናሽ እህት አለቻቸው። በየቀኑ ካልተደዋወሉ ቀኑ የመሸ አይመስላቸውም።

የዚያን ዓመት ዝናቡ አልወጣ ብሎ የቡና ለቀማ ላይ ደረሰ። ቀይ ቡና ተለቅሞ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ይጠቁራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህትየው ከአጋሮ ደወለች። እዚያ መዝነብ ጀምሮ ነበር። “ወደናንተ እየመጣ ነው፣ ቡናችሁን ሸፍኑ” ልትል ነው የደወለችው። ሐጂ ውጭ ሆነው ከሠራተኞቻቸው ጋር ፕላስቲክ ያለብሳሉ። እማማ የስልኩን እጀታ ግራ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ለባላቸው በመስኮት እየጮሁ እህታቸው ያለችውን ያስተላልፋሉ። መብረቁ የመንገዱን ዳር እንጨት የመታው ያኔ ነው።

ከእጀታው ውስጥ የወጣው ድምፅ ጠመንጃ ይመስል ነበር ይላሉ። ሐጂ ሲገቡ እማማ ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ ጆሯቸው ዙሪያ ተቃጥሏል። ጅማ ወስደው አሳከሟቸው። ተረፉ። የግራ ጆሯቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

ወሬው እኔ ከመሄዴ በፊት የቡን አዳርሶ ነበር። “ባከካን ቢልቢላን ሴኔ” ይሉ ነበር በኦሮምኛ፤ መብረቁ በስልክ ገባ ማለታቸው ነው። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ይቆረጥልኝ ይላል። አንዳንዱ እኛን ሳይጠብቅ ሽቦውን በገጀራ ቆርጦ ጥሎታል። መሥሪያ ቤታችን አይተህ ና ብሎ ላከኝ።

ጠዋት ነው የደረስኩት። የመንገዱ ዳር እንጨት ከጫፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ከሱ ወደ ሐጂ ቤት የሚገባውን ሽቦ ተከትዬ ሄድኩ። ሽቦው ግድግዳው ጋ ሲደርስ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ውስጥ የመብረቅ መከላከያ አለ። በመስመሩ ከባድ ኃይል ሲመጣ እሱ ተቀብሎ፣ ከሥሩ በሚወርድ ወፍራም ሽቦ አድርጎ መሬት ውስጥ ወደተቀበረ ብረት ይልከዋል። የመሬት ሽቦ የምንለው እሱን ነው። ሳጥኑን ስከፍተው ጥቀርሻ ለብሷል። ዝቅ ብዬ ሳይ የመሬት ሽቦው የለም። ብረቱ ተቀብሮበት የነበረው ቦታ ላይ ሣር የበቀለበት ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

ሐጂ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። የቡናው አልጋ ባዶ ነው፤ ፕላስቲኩ ነፋስ እየገለበጠው ይንኳኳል።

“ምን ትመረምራለህ?” አሉኝ። “ቁረጠውና ሂድ።”

“እቆርጠዋለሁ፣ ሐጂ። እዚህ ጋ መሬት የሚገባ ሽቦ ነበር። ሰው ሰረቀው እንዴ?”

መዳብ ይሰረቃል፤ እኔም ሌባ ነበር የጠረጠርኩት። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ዓይናቸው ጉድጓዱ ላይ ነበር።

“እኔ ነኝ የነቀልኩት” አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። ባለፈው ክረምት ከታች ያለው ጎረቤታቸው በሬዎች ዛፍ ሥር እንዳሉ መብረቅ ገደላቸው። ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ አንድ መንገደኛ፣ መብረቅ መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት እየፈለገ ነው የሚወርደው አለ። ሐጂ ቤታቸው ተመልሰው ግድግዳው ሥር ያለውን ብረት አዩት። የመብረቅ መጥሪያ ቀብረው እንደተቀመጡ ሆኖ ተሰማቸው። ያንኑ ቀን ቆፍረው አወጡት።

“ለቤቴ ብዬ ነው” አሉ። “ሽቦውንም የቡናውን አልጋ እግር አሰርኩበት።” ጉድጓዱን በጣታቸው እያሳዩ፣ “ምን ነበር ሥራው?” አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ያኔ መልስ መስጠት ጠላሁ። ከነጋ ምንም አልቀመስኩም፤ በመንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ስለ መብረቅ ሲጠይቀኝ ነው የመጣሁት። ‘ምንም’ ብዬ ሽቦውን ቆርጬ መሄድ እችል ነበር። ግን ትክ ብለው ያዩኛል።

“መብረቁ በሽቦው ሲመጣ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገዱ ነበር” አልኳቸው። “መንገዱን ሲያጣ ወደ ቤት ገባ።”

“ቢኖር ኖሮ?”

“ሁሉንም ያስቀረዋል አልልዎትም። ይሄን ያህል ቀርቦ ሲመታ የሚችለው ነገር የለም። ግን አብዛኛውን መሬት ይወስደው ነበር።”

ሐጂ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬቱን አዩ። ግዙፉ ሰውዬ ያነሱ መሰሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ለሷ አትንገራት” አሉኝ።

“ሰምቻለሁ” አለ ከውስጥ የእማማ ድምፅ። “አንድ ጆሮ ተርፎኛል፣ አልሐምዱሊላህ።”

ወጡ። ሻሻቸውን ፋሻው ላይ ጠምጥመውታል፤ ፊታቸው ገርጥቷል። በሩን ተደግፈው ባላቸውን አዩዋቸው። ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ድምፃቸው ግን የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

“የኛን ብቻ አይደለም የነቀልከው” አሏቸው። “አንተ ነቅለህ ለሰዉ ሁሉ ነገርክ። ያኛው ነቀለ፣ ያኛው ነቀለ። አሁን እነሱስ?”

ይሄን እኔ አላወቅኩም ነበር። ከተማው ውስጥ ስልክ ያለው ሰው አብዛኛው ሐጂን ሰምቶ የመሬት ሽቦውን አውጥቷል። ስልኩን የቆረጡትስ ይሁን፤ ያልቆረጡት ግን በሚቀጥለው ደመና ሥር እንደዚሁ ባዶአቸውን ናቸው።

“ሂድና ንገራቸው” አሉ እማማ።

“ምን ብዬ?”

“የሆነውን።”

ሐጂ አልተነሱም። “ቢስሚላህ ብዬ ቤቴን ልጠብቅ ያወጣሁትን…” ብለው ጀመሩና ተዉት። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የማይመለስ ሰው ናቸው። እንዴት ብለው ከቤት ቤት ዞረው፣ ተሳስቼ አሳሳትኳችሁ ይበሉ? አፍሬ ዓይኔን ወደ ተሰነጠቀው እንጨት መለስኩ።

“እሺ” አሉ እማማ። “እኔ እሄዳለሁ። አንተ ልጅ፣ ያ ብረት አለህ?”

ብረቱም ሽቦውም በቂ አልነበረኝም። ጅማ ተመልሼ ከመጋዘን ያገኘሁትን ሁሉ ጭኜ መጣሁ። እማማም ፋሻቸው ሳይፈታ ከኔ ጋር ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ።

የሄድንበት ሁሉ ያው ነው። በር ይከፈታል፣ እማማን ሲያዩ ያቅፏቸዋል፣ ያለቅሳሉ፣ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። አንዱ ቤት አንዲት ሴትዮ ብረቱን ከእጄ ነጥቃ ወደ መንገድ ወረወረችው። “ልጆች አሉኝ!” አለች። “ይሄን ቅበሩልኝ ብዬ መብረቅ ልጥራ?” እማማ ሄደው ብረቱን ከመንገድ አነሱና፣ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው የተቃጠለውን አሳዩዋት። በኦሮምኛ ረጅም ነገር ነገሯት። ሁሉንም አልያዝኩትም፤ “ይሄ የሆነብኝ ብረቱ ስለሌለ ነው” የሚለውን ግን ሰማሁ። ሴትዮዋ አለቀሰች። ቅበረው ግን አላለችኝም። ቀን ሙሉ ለፍተን ብረት ያስቀበሩን ቤቶች በጣም ጥቂት ናቸው።

ማምሻውን መኪና ስጠብቅ እማማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ “ልጄ፣ ሰዉ የሚለው እውነት ነው ወይስ ውሸት? መብረቅ በስልክ ይገባል ወይስ አይገባም?” አሉኝ።

“ይገባል” አልኳቸው። “ግማሹ እውነት ነው። ነጎድጓድ ሲሰሙ ስልክ አያንሱ፤ ብረቱ ኖረም አልኖረም አያንሱ። ብረት ይጠራዋል የሚሉት ነው ውሸቱ።”

“ግማሽ እውነት ክፉ ነው” አሉና ሳቅ ሞከራቸው። ሲስቁ ቁስሉ ስለሚያማቸው ተዉት።

እኔም ያንን ነው የማስበው እስከ ዛሬ። ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀለኝ ነበር።

በሳምንቱ እንደገና ሄድኩ፤ የተሰነጠቀውን እንጨት ልቀይር። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ጉድጓዱን እየቆፈርን ሳለን ሰዉ ከመስጊድ መውጣት ጀመረ። ገና ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሰዎች ወደኔ መጡ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ብዙ ሆኑ። ሊጣሉኝ መስሎኝ አካፋዬን ይዤ ቆምኩ።

“ያ ብረት አለህ?” አለኝ ፊተኛው።

“ለምን?”

“ቤቴ ና፣ ቅበርልኝ።”

ነገሩን ቀስ በቀስ ነው የተረዳሁት። ሐጂ ከሶላት በኋላ ተነስተው ቆመው ነበር። ንግግር አላበዙም ይላሉ። “ብረቱን ንቀሉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የኔን ነቅዬ የባለቤቴን ጆሮ አጠፋሁ። መልሱት። ወላሂ ተሳስቻለሁ” ብለው ተቀመጡ። የዚያች ብረት የወረወረችብኝ ሴትዮ ባልም ከመጡት መካከል ነበር።

ሐጂን ያን ቀን አላገኘኋቸውም። ከመስጊድ ወጥተው በቀጥታ ወደ እርሻቸው ሄዱ አሉኝ። እስከ ጨለማ ድረስ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ብረት ሲያልቅብኝም በሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብዬ ቃል እየገባሁ ወጣሁ። ቃሌን ለመጠበቅ በጋውን ሙሉ የቡ ተመላለስኩ።

የሐጂን ቤት ስልክ እማማ አስመለሱት። ሐጂ ግን ከዚያ ወዲህ ነክተውት አያውቁም። ሲጠራ ከቤት ይወጣሉ። ንግዳቸውን ከሰው ሱቅ እየደወሉ ጨረሱት፤ ሞባይል ሲመጣ ደግሞ በሞባይል። እማማ በቀኝ ጆሯቸው ከእህታቸው ጋር ማውራቱን ቀጠሉ። ሰማይ ሲያጉረመርም ግን ስልኩ ቢጠራም ቢጮህም ቁጭ ብለው ያዩታል እንጂ አያነሱትም።

በዚህ ዓመት የየቡን መስመር እንዳወርድ ታዘዝኩ። ሐጂ ከሞቱ ቆይቷል፤ ታመው ቤታቸው ነው ያረፉት። እማማ አሉ። ጀርባቸው ጎብጧል፤ እኔን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። ካወቁኝ በኋላ በረንዳው ላይ አስቀምጠው ሻይና ዳቦ አስመጡልኝ።

ሽቦውን ጠቅልዬ ስጨርስ ሞባይላቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ። “ይሄንንም መብረቅ ይወደዋል ይላሉ። እውነት ነው?”

መልሱን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም። አፌ ራሱ ያውቀዋል። “አይወደውም፣ እማማ። ሽቦ የለውም፣ በምን በኩል ይመጣል? ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ከሆኑ አደጋው እዚያ መሆንዎ ነው። ቤት ውስጥ ሆነው ያውሩ።”

“ኤዬ” አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ያመኑኝ አይመስለኝም። ሞባይሉን መለስ አድርገው ኪሳቸው ከተቱ።

ሻዬን ስጨርስ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ በእጃቸው እየዳበሱ ስለ ሐጂ ነገሩኝ። “ከዚያ ቀን ወዲህ በግራዬ ተቀምጦ አያውቅም” አሉ። “መንገድ ስንሄድ፣ ማዕድ ስንቀርብ፣ ሰው ቤት ስንገባ፣ ሁሌ በቀኜ ይሆናል። ቦታ ከሌለ ይቆማል። አንድ ቀንም ይቅርታ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ሊሞት ሲልም በቀኟ በኩል አስተኙኝ አለ።”

“አላህ ይማራቸው” አልኩ።

“አሚን። ገለቶሚ፣ ልጄ” አሉ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው።

መኪናችን መንገድ ላይ ጥሩምባ ነፋ። ከየቡ በኋላ የሚወርዱ ሌሎች መስመሮች ነበሩ። ጥቅሉን ትከሻዬ ላይ አደረግኩት፤ ከብዶኝ ደጁ ላይ አንዴ አረፍ አልኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ወጣሁ። ሹፌሩ ምን አቆየህ አለኝ። ሰው ነው አልኩት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ።